አሸናፊዋ ከገባች በኋላ የሚሮጡት

ዮናስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 2025 ትዕግሥት አሰፋ የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አሸንፋ ወንድ አሯሯጮች በሌሉበት የሴቶች ውድድር የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ እኔ አዲስ አበባ በቴሌቪዥን እያየሁ እጨፍር ነበር። ሪባኑን እንደበጠሰች ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። የዛሬው ውይይታችን ለንደን የምትኖረው ባልደረባዬ ሰብለ፣ በዚያች ሰዓት ገና ግማሹን እንኳ ባልጨረሰችው በዚያው መንገድ ላይ፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለሮጠችው ሩጫ ነው።

ሰብለ፦ ቴሌቪዥኑን ባታጠፋው እኔን ሳይሆን ብዙ ጉድ ታይ ነበር። በዚያን ዕለት ውድድሩን የጨረሱት 56,640 ሰዎች ናቸው። ከትዕግሥት በኋላ መንገዱ ለሰዓታት በሰው ተሞልቶ ቆይቷል፤ በሟች ወላጁ ስም ካናቴራ ያሠራ አለ፣ የአውራሪስ ቅርጽ ለብሶ የሚሮጥም አለ። ከዚያች ከአንድ ቀን ሩጫ ለልዩ ልዩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች 87.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰብስቧል።

ዮናስ፦ ውድድሩ ከመነሻውም ለዚህ የታሰበ ነበር?

ሰብለ፦ በከፊል ነበር ማለት ይቻላል። መሥራቾቹ ክሪስ ብራሸር እና ጆን ዲስሊ ሁለቱም በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኙ ሰዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኒው ዮርክን ማራቶን ሮጠው ሲመለሱ ተራው ሰው ከታዋቂ ሯጮች ጋር በአንድ ጎዳና የሚሮጥበትን ውድድር ለንደን ላይ ለማቋቋም ቆረጡ። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 1981 ተካሄደ፤ አሜሪካዊው ዲክ ቢርድስሊ እና ኖርዌያዊው ኢንጌ ሲሞንሰን ተቀዳድመው ከመለያየት ይልቅ እጅ ለእጅ ተያይዘው አብረው ገቡ። ከውድድሩ የሚተርፈው ገንዘብ ለከተማዋ የስፖርትና የመዝናኛ ሥፍራዎች እንዲውል ታስቦ ነበር። ሯጩ ራሱ ከወዳጆቹ ለሚደግፈው ድርጅት ገንዘብ የሚሰበስብበት ልማድ የተስፋፋው ግን ቀስ በቀስ ነው።

ዮናስ፦ አሠራሩን እስኪ ግለጪልን፤ እኔ የተመዘገበ ሁሉ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር።

ሰብለ፦ ለ2025ቱ ውድድር ያመለከተው ሰው ከ840,000 በላይ ነበር፤ ስለዚህ በዕጣ መግባት የዕድል ጉዳይ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን የተወሰኑ ቦታዎችን አስቀድመው ይገዛሉ። ለሯጩ ቦታውን ሲሰጡት፣ በአብዛኛው 2,000 ፓውንድ ገደማ እንደሚሰበስብ ቃል ያስገቡታል። እኔም ያንን ቃል ፈርሜ፣ ሩጫው ስድስት ሳምንት ሲቀረው በእጄ የነበረው 600 ፓውንድ ብቻ ነበር። ስለ ጉልበቴ ሳይሆን ስለዚያች 1,400 ፓውንድ ስል እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ።

ዮናስ፦ ያገርሽ ሰው አልረዳሽም?

ሰብለ፦ የመጀመሪያው ፈተና እርሱ ነበር። እኛ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መዋጮ ሲባል ኪሳችን ፈጥኖ ይፈታል፤ «ልሩጥና ክፈሉልኝ» ለሚል ሰው መስጠት ግን አልለመድንም። አጎቴ ስልክ ብደውልላቸው፣ «አንቺ ሮጠሽ እኔ ልክፈል? የቸገረው ካለ ንገሪኝና ሳትሮጪ ልስጥ» አሉኝ።

ዮናስ፦ እውነት ለመናገር እኔም ከአጎትሽ ጋር ነኝ። ገንዘቡ የሚሰጥ ከሆነ ላቡ ለምን ያስፈልጋል?

ሰብለ፦ እኔም ለእሳቸው የመለስኩት በራሳቸው ታሪክ ነው። በወጣትነታቸው ስለት ተስለው ቁልቢ ገብርኤል በእግራቸው ሄደዋል፤ በመንገዱ ላይም ከባድ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ምእመናንን አይተዋል። ድንጋዩ ለመልአኩ ምን ይጠቅመዋል? ሸክሙ የሚናገረው ስለ ተሸካሚው ነው፤ ቃሉ የምር መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሎይድ ስኮት የተባለ፣ ከደም ካንሰር የዳነ እንግሊዛዊ፣ 50 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የጥንት የባሕር ጠላቂዎች ልብስ ለብሶ ይህንኑ ማራቶን ከአምስት ቀን በላይ ፈጅቶበት ጨርሷል። ያንን ያየ ሰው፣ በሽታውን ባያውቀው እንኳ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሳይከት አያልፍም።

ዮናስ፦ ንጽጽሩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የሚጎድለው ነገር አለ። ስለት በተሳዩና በመልአኩ መካከል ነው፤ ጎረቤት አይከፍልበትም። እዚህ ግን የሚከፍለው ጎረቤት ነው፤ የሚከፍለውም ለአንቺ ብሎ እንጂ ለድርጅቱ ብሎ አይደለም። በማግስቱ የድርጅቱን ስም ብትጠይቂው የሚያስታውሰው ይመስልሻል?

ሰብለ፦ አብዛኞቹ አያስታውሱትም፤ በዚህ አልከራከርህም። ከዚህም ሌላ፣ ከሰበሰብኩት ገንዘብ የመጀመሪያው የሚሸፍነው ድርጅቱ ቦታውን ለመግዛት ያወጣውን ወጪ ነው። በሌላ በኩል ግን ያ ገንዘብ እኔ ባልሮጥ ኖሮ ከአጎቴ ኪስ ወጥቶ ወደዚያ ድርጅት አይደርስም ነበር። የብሪታኒያ ሕግም ያግዛል፤ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ድርጅቱ 25 ሳንቲም ከመንግሥት ይጠይቃል። ለዚህ ነው 1,000 ፓውንድ 1,250 የሚሆነው።

ዮናስ፦ ታዲያ የጎደለውን 1,400 በምን ሞላሽው?

ሰብለ፦ በበያይነቱ! ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አሰልፌ ሸጥኩ። የሚያስቀው ነገር፣ ገዢው በገንዘቡ ምግብ ስለወሰደ በሽያጩ ላይ ያ 25 ሳንቲም አይታሰብም። ልምምዱም በጾሙ ላይ ተደርቦ ነበር፤ ቅዳሜ 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሽሮ ማገገም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሩጫው የዋለው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሲሆን፣ ከፋሲካ በኋላ የነበረችኝ አንዲት ሳምንት ብቻ ነበረች። ዶሮው ያተረፈልኝን ጉልበት ግማሹ መንገድ ላይ ሙቀቱ ወሰደው።

ዮናስ፦ ያለ ድርጅት ቦታና ያለ ዕጣ ይህንኑ ያደረገም ሰው አለ። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በአጥንት ካንሰር አንድ እግሩን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀናት ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፍኗል፤ ያቆመውም ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለተዛመተ ነው። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር እንዲሰበሰብ ተመኝቶ ነበር፤ ሳይሞትም ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡን ለማየት በቅቷል። የእርሱን ሳስብ የእኔ ጥርጣሬ ይቀንሳል፤ የሚሮጠው ሰውና የሚሮጥለት ጉዳይ አንድ ሲሆኑ ሰጪው ስሙንም አይረሳውም። እኛ ዘንድ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሕዝቡን አደባባይ አውጥቷል፤ በግለሰብ ደረጃ ግን «ስለ እገሌ ስል እሮጣለሁ፣ ደግፉኝ» ማለት ገና ያሳፍረናል። ለመሆኑ አጎትሽ በመጨረሻ ሰጡ?

ሰብለ፦ የቁልቢው ነገር ከተነሣ በኋላ መቶ ፓውንድ ላኩ። እኔ ውድድሩን የጨረስኩት በ5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ማታ ስደውልላቸው፣ «ልጄ፣ በቴሌቪዥን ብፈልግሽ አጣሁሽ» አሉኝ። እስከ ስንት ሰዓት እንዳዩ ስጠይቃቸው፣ ትዕግሥት እስክትገባ ድረስ አሉኝ።