ብሪንክ፦ ፓርኩር ያለው፣ መዝለያ ቦታ የሌለው ጌም

(ስክሪኑ ላይ፦ ተዋጊው በኮንቴነሮች መሃል እየሮጠ አጥር ይዘላል።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ብሪንክ ነው የማወራችሁ። ፈርስት ፐርሰን ሹተር ነው፣ ማለትም በተዋጊው ዓይን እያያችሁ የምትተኩሱበት ጌም። በፈረንጆቹ ሜይ 10 ቀን 2011 ወጣ። የሠራው የለንደኑ ስፕላሽ ዳሜጅ ሲሆን ለገበያ ያቀረበው ቤተስዳ ነው።

ሰዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። በ2003 ወልፈንስታይን ኤነሚ ቴሪቶሪን በነጻ የለቀቁት እነሱ ናቸው። በቡድን መዋጋት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ስለዚህ «ፓርኩር፣ ማለትም እንቅፋት እየዘለሉ መሮጥ፣ ጨምረንበታል» ሲሉ ሁላችንም ጓጓን።

(ስክሪኑ ላይ፦ ባሕር ላይ የተንሳፈፈች ከተማ።)

ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። ዘመኑ 2045 ነው። የባሕር ውኃ ከፍ ብሏል። አርክ የምትባል ተንሳፋፊ ከተማ ለጥቂት ሰዎች ተሠርታ በስደተኞች ተጨናንቃለች። ውኃውም ምግቡም አልበቃም። ግማሹ ከተማዋን ለመጠበቅ፣ ግማሹ ከእሷ ለመውጣት ይዋጋል። ስምንት ለስምንት ነው ጨዋታው። እያንዳንዱ ተጫዋች የሥራ ድርሻ ይመርጣል፦ ሶልጀሩ ፈንጂ ያጠምዳል፣ ሜዲኩ የወደቀ ያነሳል፣ ኢንጂነሩ ይጠግናል፣ ኦፕሬቲቩ ኮምፒውተር ይጠልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንቅስቃሴውን ስማርት ብለው ሰይመውታል። የመሮጫዋን ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ወደምትፈልጉበት ታያላችሁ፣ የቀረውን ጌሙ ይሠራላችኋል። ወደ ላይ ካያችሁ ይወጣል። ወደ ታች ካያችሁ ተንሸራቶ ያልፋል። ሮጣችሁ ስትንሸራተቱ ጠላት እግር ላይ ከደረሳችሁ ዘርጥጣችሁ ትጥሉታላችሁ። እውነት ለመናገር፣ ይቺ ነገር ዛሬም ደስ ትለኛለች።

(ስክሪኑ ላይ፦ ሦስቱ ሰውነቶች ጎን ለጎን።)

ግን እዩት። ሦስት ዓይነት ሰውነት አለ፤ ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ግዙፍ። ግድግዳ ረግጦ ወደ ላይ የሚዘለው ቀጭኑ ብቻ ነው። እሱንም መጀመሪያ ላይ አታገኙትም፤ ተጫውታችሁ ደረጃችሁ ሲያድግ ነው የሚከፈትላችሁ። ማለትም ጌሙ የተሸጠበትን ነገር አዲስ ተጫዋች አይቀምሰውም። ስታገኙት ደግሞ ጤናው ትንሽ ነው፣ ከባድ መሣሪያ አይዝም፣ ቶሎ ይሞታል።

ዋናው ችግር ግን ማፑ፣ ማለትም የምትዋጉበት ቦታ አሠራር፣ ነው። የቡድናችሁ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ማሽን። አሥራ ስድስቱም ሰው እዚያው ይታጨቃል። በሰገነቱ ዞራችሁ ብትመጡም የምትወርዱት እዚያው ግርግር ውስጥ ነው። እንደ ንፋስ የሚበር የክንፍ ተጫዋች ገዝቶ መስመር የሌለው ጠባብ ሜዳ ላይ ማሰለፍ ማለት ይኼ ነው። ሰው ዝላዩን ለምን ይሞክረዋል? ቆሞ መተኮስ ያዋጣዋል። አብዛኛው ሰውም ያደረገው ይህንኑ ነው።

አወጣጡም አልቀናውም። ኤክስቦክስ ላይ ኦንላይኑ ይቆራረጥ ነበር። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ደግሞ ከአፕሪል 20 ጀምሮ በጠላፊዎች ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር፣ ፕሌይስቴሽን 3 ያላቸው ሰዎች በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር መጫወት አልቻሉም። ከቦት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሰው ተዋጊ፣ ጋር ተፋጠጡ። ቦቶቹ ደግሞ አይረቡም።

(ስክሪኑ ላይ፦ የታይታንፎል ተዋጊ ግድግዳ ላይ ይሮጣል።)

በማርች 2014 ታይታንፎል የሚባል ሌላ የተኩስ ጌም ሲመጣ ልዩነቱ ፍንትው አለ። እዚያ ግድግዳ ላይ ስትሮጡ ፍጥነት ትጨምራላችሁ። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ካያያዛችሁት ማንም አይደርስባችሁም፣ ለማነጣጠርም ታስቸግራላችሁ። መንገዶቹ የተሠሩት ለዚህ ታስቦ ነው። መሬት ለመሬት የሚሄድ ሰው ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ ማንም ሳያዛችሁ መዝለል ትለምዳላችሁ። ጎበዝና ሰነፍ የሚለየውም በዝላዩ ነው። ብሪንክ ላይ ግን ቁልፏን ለያዘ ሁሉ አብዛኛውን ጌሙ ራሱ ይዘልለታል። ልምምድ ብዙም አይጨምርላችሁም፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ሁለት ጆይስቲክ፣ የግራው ጎማ ተልጦ ፕላስቲኩ የወጣ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ልጅ «በቃ፣ አለቀ፣ ተነስ!» የሚል። ጨዋታው ፊፋ ነው። ስምንት ለስምንት የሚፈልግ ጌም እዚያ ቦታ የለውም። ብሪንክን መሞከር የሚፈልግ ላፕቶፕ ይዞ ቤቱ ነው የሚሞክረው።

ደግሞም ይቻላል። ከ2017 ጀምሮ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በነጻ ነው። ለነጻ ጌም የውጭ የባንክ ካርድ አትጠየቁም፣ አካውንት መክፈት ይበቃል። የ2011 ጌም ስለሆነ የዛሬ ጌሞችን የሚያህል ማሽንም አይፈልግም። በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል አውርዱት። ኦንላይን ሰው እናገኛለን ብላችሁ አትድከሙ፣ ከቦት ጋር ግቡ። ቀጭኑን ሰውነት እስክትከፍቱ ታገሱ። ከዚያ ኮንቴነር ሲቲ የሚባለውን ማፕ ምረጡና ተልዕኮውን ለጊዜው ተዉት። ዝም ብላችሁ ሩጡ፣ ውጡ፣ ተንሸራተቱ። የት የት ላይ መውጣት እንደቻላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አብረን እናየዋለን።