ከሕማማት እስከ ዳግም ትንሣኤ፦ የዲፖርቲቮ ነገር

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፤ የተዘጋጀ ጽሑፍም የለም። ጎረቤት ጄኔሬተር ካስነሳ ድምፁን ታገሱኝ።

ስለ ስፔኑ የእግር ኳስ ክለብ ስለ ዲፖርቲቮ ላኮሩኛ ላወራ ነው። አውቃለሁ፣ ግማሻችሁ «እሱ ክለብ አሁንም አለ እንዴ?» ብላችኋል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የዛሬው ወሬም የሚነሳው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 7 ቀን 2004። በእኛ መጋቢት 1996፣ የሕማማት ረቡዕ። እናቴ ስትሰግድ ውላ ጉልበቷ ዝሏል። እኔ ደግሞ ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት ለመሄድ ሰበብ እፈልጋለሁ። «በሕማማት ኳስ? ጌታ በሚገረፍበት ሳምንት ልታጨበጭብ?» አለችኝ። ሄድኩ እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

የሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ነው። ዲፖርቲቮ በመጀመሪያው ጨዋታ ሚላን ሄዶ 4 ለ 1 ተሸንፏል፤ ያን ረቡዕ መልሱ በሜዳው ነው። የሚላን ቡድን ደግሞ የዚያን ጊዜው የአውሮፓ ሻምፒዮን ነው፤ ማልዲኒ አለ፣ ካካ አለ፣ ሼቭቼንኮ አለ። ኮሜንታተሩ በዓረብኛ ይጮሃል፣ እኛ የሚገባን ስም ብቻ ነው። ፓንዲያኒ! ቫሌሮን! ሉኬ! በመጨረሻም ተቀይሮ የገባው ሽማግሌው ፍራን። ዲፖርቲቮ 4 ለ 0፤ አለፈ። ቤቱ ውስጥ የነበርን ልጆች ማጨብጨብ ፈርተን ተቃቀፍን።

አሰልጣኛቸው ኢሩሬታ ካለፉ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በእግሩ ሊሳለም ተስሎ ነበር። ሄደም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እሱስ ደህና ሰው ነው» አለች። ይቅርታ ያገኘሁት በእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት «የዲፖርቲቮ ደጋፊ ነኝ» እል ነበር። እነሱ መውረድ ሲጀምሩ እኔ ዝም አልኩ። ተውኳቸው ብዬ አላወጅኩም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ወደ 2023 መገባደጃ እንምጣ። ከጓደኛዬ ጋር ሰፈር ያለ ቤቲንግ ቤት ነን። ጓደኛዬ የለየለት አርሰናል ነው። ቲኬት ሲቆርጥ የሰማይ የምድሩን ሊግ ሁሉ ይቆርጣል። ዝርዝሩን በትከሻው በኩል አያለሁ። የስፔን ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ምድብ 1። ታራዞና። ቴሩኤል። አሬንቴይሮ። እዚያው መሃል ዲፖርቲቮ ላኮሩኛ። የ2000 የላሊጋ ሻምፒዮን። ስም የተመሳሰለ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን የወረዱት በ2020 ነው፤ አወራረዳቸውም ጉድ ነው። በመጨረሻው ዕለት ፉዌንላብራዳ ላኮሩኛ ድረስ መጥቶ ተጫዋቾቹ ላይ ኮቪድ ተገኘ። የእነሱ ጨዋታ ተላለፈ፣ የሌሎቹ ግን ቀጠለ። ሉጎና አልባሴቴ አሸነፉ። ዲፖርቲቮ ኳስ ሳይነካ ወረደ! ጨዋታው በኋላ ተደርጎ 2 ለ 1 አሸነፉ፣ ግን ለምን ይጠቅማል?

ያ ሊግ ደግሞ እንደ ጉድጓድ ነው፣ መግባቱ ይቀላል። 40 ክለብ በሁለት ምድብ ተከፍሎ 38 ጨዋታ ይጫወታል። ከየምድቡ አንደኛው ብቻ በቀጥታ ያድጋል። ከ2ኛ እስከ 5ኛ ያሉት በጥሎ ማለፍ ይበላላሉ፣ ከሁለቱም ምድብ ተደምሮ የሚያድጉት ሁለት ብቻ ናቸው። ዲፖርቲቮ በ2022 የጥሎ ማለፉን የመጨረሻ ጨዋታ በራሱ ሜዳ በሪያዞር አደረገ። አቻ እንኳ ቢወጣ ይበቃው ነበር። መርቶም ነበር። በተጨማሪ ሰዓት በአልባሴቴ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2023 ደግሞ ካስቴዮን አስቀረው። በዚህ ሁሉ መሃል ግን የክለቡ አባላት ከ20 ሺህ በላይ ነበሩ። ለሦስተኛ ዲቪዚዮን!

እኔን የያዘኝ ግን ሉካስ ፔሬዝ ነው። አርሰናሎች፣ ታስታውሱታላችሁ? በ2016 የመጣው፣ 9 ቁጥር። ባዝል ላይ ሦስት አገባ፣ ከዚያ ጠፋ። ጓደኛዬ ያኔ ያልሰደበው ስድብ የለም። ሉካስ የላኮሩኛ ልጅ ነው። በጥር 2023 ካዲዝ ነበር፤ ላሊጋ ውስጥ። ከውሉ ለመውጣት ከራሱ ኪስ 493 ሺህ ዩሮ ከፍሎ፣ ደሞዙንም ቀንሶ፣ ሁለት ዲቪዚዮን ወርዶ ሰፈሩ ገባ።

እስቲ አስቡት። ሰው ለመውጣት ነው የሚከፍለው። እሱ ለመውረድ ከፈለ። እኔ ለዲፖርቲቮ የከፈልኩት ትልቁ ነገር የእናቴ ቁጣ ነው፣ እሱንም ኢሩሬታ ከፈለልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልኬ ውጤት መከታተል ያዝኩ። አጀማመራቸው ክፉ ነበር። ሠንጠረዡን ከላይ ሳይሆን ከታች ነበር የማየው። የአሰልጣኙ የኢማኖል ኢዲያኬዝ ወንበር ይነቃነቃል። ፉዌንላብራዳም ወርዶ እዚያው ምድብ ውስጥ አገኘሁት፣ በልቤ «እሰይ» አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚያው ሰበብ ሌላ ክለብ ወደድኩ፤ ዩኒዮኒስታስ ዴ ሳላማንካ። የድሮው የሳላማንካ ክለብ ሲፈርስ በ2013 ደጋፊው ራሱ ያቋቋመው ነው። በጥር 2024 ቪያሪያልን በንጉሡ ዋንጫ በፍጹም ቅጣት ምት ጣሉት። መብራት ጠፍቶባቸው ጨዋታው በማግስቱ ነው ያለቀው። መብራት የጠፋበት ጨዋታ ካለ እኔ ደጋፊ ነኝ፣ የአገር ልጅ ያህል ይሰማኛል።

ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ወዲህ ዲፖርቲቮ ሽንፈት የረሳ መሰለ። ሜያ እና ዬሬማይ የሚባሉ ከራሳቸው ማሰልጠኛ የወጡ ልጆች ይሮጣሉ፣ የ35 ዓመቱ ሉካስ ያቀብላል።

ሜይ 12፣ እሁድ። በእኛ ዳግም ትንሣኤ። እናቴ ቤት ተሰብስበን ዶሮ እየበላን ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ሥር ነው። ከባርሴሎና ሁለተኛ ቡድን ጋር ይጫወታሉ፣ ካሸነፉ 2 ጨዋታ እየቀራቸው ያድጋሉ። ስልኩ ነዘረ። ሉካስ፣ በቅጣት ምት። 1 ለ 0። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቆየ፤ እኔም እንጀራውን በግራ እጄ ልጎርስ ነበር። እናቴ አየችኝ። «ዛሬስ ምን ሆነ?» አለች። «የእነዚያ የስለቱ ሰውዬ ቡድን አደገ» አልኳት። «የት አባቱ ነበር?» ብላ ሳቀች።

ለአርሰናሉ ጓደኛዬም ወዲያው ጻፍኩለት። «ሉካስ አገባ! አደጉ!»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰ። «የትኛው ሉካስ?»