ጥር 13፣ የ1954ቱ ዋንጫ እና የራግቢ ክርክር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፁ የሚመጣላችሁ ከኮዬ ፈጬ ነው፤ በመሀል ባጃጅ ጥሩንባ ቢነፋ ታገሱኝ።

ጥር 13 ነው። በ1954 ዓ.ም. በዚችው ቀን፣ ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግስት፣ ኢትዮጵያ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። ይሄ ቀን ሲመጣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ማለያው ይለበሳል፣ ክርክሩም ይጀመራል።

የመጀመሪያው ክርክር የታወቀ ነው። ወጣቱ «አራት ቡድን ተሰብስቦ፣ በሁለት ጨዋታ የተገኘ ዋንጫ ምኑ ይወራል?» ይላል። ቁጥሩስ ልክ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ብቻ ነበሩ። ቱኒዚያንም ያሸነፍነው በዚያው 4 ለ 2 ነው። ግን ግብፅ የፊተኞቹን ሁለት ዋንጫዎች ጠቅልላ የወሰደች ናት። በ1949 ካርቱም ላይ በፍጻሜው 4 ለ 0፣ በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0 ረታናለች። ጥር 13 ቀን የተከፈለው የስምንት ጎል ዕዳ ነው።

አከፋፈሉም ቀላል አልነበረም። ሁለቴ ተመርተን ሁለቴ አቻ ሆንን፣ 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ፣ የቀሩት ሁለት ጎሎች በተጨማሪ ሰዓት መጡ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አጠገቡ ወንድሙ ኢታሎ። መንግሥቱ ወርቁ በ3 ጎል የውድድሩን ኮከብ ግብ አግቢነት ከግብፁ ባዳዊ ጋር ተጋራ። ዋንጫውን ለሉቻኖ የሰጡት ጃንሆይ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ከካይሮ የመጣ ተጫዋች መቶኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። ከፍታው ረዳን ማለት ድሉን ማሳነስ አይመስለኝም፤ ሜዳው የኛ ነበር፣ አየሩም የኛ።

ሁለተኛው ክርክር አዲስ ነው። ሪሞቱ ራግቢ ላይ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ላይ፣ ሲቆም ግማሹ «ይሄ ድብድብ እንጂ ጨዋታ ነው?» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ኳስ ተጫዋች ሳይነካ ይወድቃል፣ እዚህ ግን ደሙን ጠርጎ ይነሳል» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ጉልበት ነው፤ ለኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር አልፈውታል።

ጨዋታዎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በፈረንጆቹ 1863 ለንደን ላይ የእግር ኳስ ሕግ ሲጻፍ ብላክሂዝ የተባለው ክለብ ጥሎ የወጣው የባላጋራን ቅልጥም መርገጥ ለምን ይከለከላል ብሎ ነው። የሚያስቀው፣ የራግቢ ማኅበር በ1871 ሲቋቋም እሱም እርግጫውን ከለከለው። ኳሱም ቅርፁ ነው እንጂ ክብደቱ አልተለያየም፤ ሁለቱም ከ410 ግራም ይጀምራሉ፣ የእግር ኳሱ እስከ 450፣ የራግቢው እስከ 460።

ራግቢ ማየት ለምትፈልጉ፣ በአሥራ አምስት ሰው በሚካሄደው አትጀምሩ። ሰው በሰው ላይ ሲከመር ዳኛው ለምን እንደነፋ ለአዲስ ዓይን አይታይም። በሰባት ሰው የሚካሄደውን እዩ፤ አንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ነው። ኬንያ በፈረንጆቹ 2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 ያሸነፈችው በዚህ ነው፤ ያችው ፊጂ በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች።

አሁን ወደ ዳኛው ልምጣ። ራግቢ ላይ ዳኛውን የሚያናግረው አምበሉ ነው። ሌላው ከተነጫነጨ ቅጣት ምቱ 10 ሜትር ወደፊት ይሄዳል፤ በአሥራ አምስቱ ጨዋታ ቢጫ ያየ ደግሞ 10 ደቂቃ ውጭ ይቀመጣል። ይሄን ከሰፈር ውድድር ጋር አስተያዩት። የኛ ቢጫ ካርድ ማስታወሻ የለውም፤ ማን እንደወሰደ የሚጽፍ የለም፣ በሚቀጥለው እሑድ ይረሳል። ስለዚህ ዳኛው ይከበባል፣ ሩብ ሰዓት ይባክናል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቅጣቱ እዚያው ሜዳ ላይ፣ እዚያው ደቂቃ ላይ የሚከፈል ከሆነ ግን መዝገብ አያስፈልገውም። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ 10 ሜትሩን እግር ኳስ ላይ ሞክረው ትተውታል፤ ቅጣት ምት በሩ ላይ በጣም ሲጠጋ ከግድግዳው በላይ አልፎ ለመውረድ ቦታ ያጣል፣ መቺው ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም። የአምበሉ ሕግ ግን በፈረንጆቹ 2024 አውሮፓ ዋንጫ ላይ ገብቷል። ለሰፈራችን የምመርጠው አምበሉንና የ10 ደቂቃውን መቀመጫ ነው።

ራግቢውን ራሱን መሞከር ከፈለጋችሁ ግን መጣጣሉን ተዉት። የዚህ አካባቢ አፈር መረሬ ነው፤ በጥር ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ወድቆ መሬት የመታ ትከሻም በቀላሉ አይድንም። የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ሐኪም አጠገቡ በቆመበት ትልቅ ሜዳ ላይ እንኳ የራግቢ ትልቁ ራስ ምታት ነው። በመንካት የሚካሄደውን ተጫወቱ። 70 በ50 ሜትር ይፈልጋል፤ የእግር ኳስ ሜዳውን ለሁለት ከፍላችሁ በወርዱ ብትጫወቱ ልኩ ይመጣል ለማለት ይቻላል። ስድስት ለስድስት። ኳሱን የያዘ ሰው በእጅ ከተነካ እዚያው መሬት አስቀምጦ ይራመደዋል፣ ጓደኛው ያነሳል፤ ተከላካዮች 7 ሜትር ያፈገፍጋሉ። ስድስተኛው ንክኪ ላይ ኳሱ ለሌላው ቡድን ነው። መስመሩን አልፎ መሬት ያስነካ አንድ ነጥብ ያገኛል። የራግቢ ኳስ ከሌለ ቁጥር 5 የእግር ኳስ ይበቃል፤ ጫማ ግን ሸራ ይሁን፣ ታኬታ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል።

የኳስ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ሁሌም አንድ ቦታ ነው። ኳስ ለመቀበል ወደፊት ይሮጣል፣ እግሩ የለመደው ክፍት ቦታ ፊት ለፊት ነውና። እዚህ በእጅ ወደፊት መስጠት ክልክል ስለሆነ ቀድሞ የሮጠ ሰው ከጨዋታው ወጥቷል። ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላና ወደ ጎን ቁሙ፤ ኳሱ ከሰጪው እጅ ሊወጣ ሲል ሩጫ ጀምሩ፣ በሩጫ ላይ ሳላችሁ ተቀበሉት። ሰጪው ደግሞ በሁለት እጅ፣ ከተቀባዩ ደረት ትንሽ ፊት ለፊት ይጣል። ወደ ሆድ ከጣለው ተቀባዩ ይቆማል፣ የቆመ ሰው ደግሞ ይነካል።

«ነክቼሃለሁ፣ አልነካኸኝም» የሚል ጭቅጭቅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ዳኛው ያለው ይጸናል፤ የሚጠይቅ ካለ አምበሉ ብቻ ይጠይቅ፣ የቀረው 7 ሜትር ያፈግፍግ።

በሉ፣ እስከ ሳምንት ደህና ሁኑ።