የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የጣሳ ምድጃና አልኮል

ባለፈው ስለ ጣሳ ምድጃ ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ጮቄ ተራራ ወጥታችሁ ልታድሩ ያሰባችሁ ተማሪዎች በዝታችኋል መሰለኝ። ብረት ሥራ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ አሠራሩን ድገሙልን።
ባዶ የቱና ጣሳ አጥባችሁ አድርቁ። ከአፉ ግማሽ ጣት ዝቅ ብላችሁ ዙሪያውን በቀጭን ምስማር ብሱት፤ ከዚያ ረድፍ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛ ረድፍ ጨምሩ። ስትበሱት እንዳይጨማደድ ውስጡ እንጨት ደግፉበት። 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ የቡና ሲኒ የማይሞላ አልኮል ጨምራችሁ ለኩሱ። አልኮሉ እስኪሞቅ ጠብቁና ድስቷን ከላይ ጣዱ፤ ነበልባሉ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ነፋስ ካልረበሸው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያፈላል። አደራ፣ ቀን ላይ ነበልባሉ አይታይም።

ከዳንግላ፦ የእናቴ አረቄ ይሆናል?
ቢነድም ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ሻይ አያፈላልህም። እናትህም የት ገባ ብለው ይፈልጉታል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ቤንዚንስ?
አይሆንም!

ከሞጣ፦ ውሃው ሳይፈላ አልኮሉ አለቀብኝ። ከጠርሙሱ ትንሽ ጠብ ባደርግበትስ?
ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ማለቁን በምን አወቅህ? በዓይንህ? የአልኮል እሳት ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ላይ ጨርሶ አይታይም። ጠፋ ባልከው ጣሳ ላይ ስታፈስ እሳቱ የሚፈሰውን ተከትሎ ወደ እጅህ ይመጣል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ትነት ከተቀጣጠለ ደግሞ የሚነደውን አልኮል ፊት ለፊትህ በተቀመጠው ጓደኛህ ላይ ይረጨዋል። ጣሳው ጠፍቶ እንኳ ከጋለ ትነቱን ሊለኩሰው ይችላል። ላምባ ፍም ላይ የምታርከፈክፉ እናቶችም ስሙኝ፣ ነገሩ ያው ነው።

እኔም ሞኝ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠፍቷል ብዬ ጎንበስ ስል የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። እሳት መኖሩን ያወቅሁት የእጅጌዬ ጫፍ ሲጠቁር ነው። ቅንድቤ እስኪበቅል ተማሪዎቼ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ስለዚህ ደረቅ ሣር ከላይ ያዝበት፤ ከጠቆረ እየነደደ ነው። ካልጠቆረም ጣሳውን ደፍረህ በእጅህ እስክትይዘው ድረስ ጠብቅ። ከዚያ በሲኒ ለክተህ ጨምር። ጠርሙሱ ተከድኖ አሥር እርምጃ ይራቅ። ሻዩ ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

ከደምበጫ፦ ድንኳን ውስጥ ማብሰል ይቻላል? ብርዱ ከባድ ነው።
በፍጹም። ጣሳው በክርን ተነክቶ ይገለበጣል፤ የታፈነ ቦታ የሚነድ እሳት ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያጠራቅማል። ውጭም ቢሆን ጓሳው ላይ አታስቀምጡት፣ ድንጋይ ፈልጉ። እሳቱ አይታይም ብያለሁ!

ከደብረ ማርቆስ፦ ጮቄ ላይ ምስር አልበስል አለን።
ከ4,000 ሜትር በላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ምስሩን ትታችሁ በሶ ያዙ።

ከደጀን፦ ወንድሜን እጁን አቃጠለው። የጥርስ ሳሙና ቀባነው፣ ምን እንጨምር?
ምንም! ሳሙናውን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቡለት፤ አሁን የተቃጠለ ከሆነ 20 ደቂቃ ውሃ ይፍሰስበት። ቅቤም ሊጥም አታስነኩት፣ ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡ። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ስልኩን ዝጋና ጤና ጣቢያ ውሰደው።