የቲፑ ነብርና የሻህ ጃሃን ዋንጫ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ስላሉ ሁለት የህንድ ቅርሶች ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛው ከእንጨት የተቀረጸ ባለ ሸንተረር ነብር ነው። በጀርባው የተዘረረ አውሮፓዊ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ይዞታል። ጎኑ ላይ ያለው እጀታ ሲሽከረከር የሰውየው ክንድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከአፉ ዋይታ፣ ከነብሩ ደግሞ ጉርምርምታ ይወጣል። ሆዱ ውስጥ ባለ 18 ቁልፍ ኦርጋን አለ። ያሠራው በደቡብ ህንድ የነበረው የማይሶር መንግሥት ገዥ ቲፑ ሱልጣን ነው። ነብር የመንግሥቱ ምልክት ስለነበር፣ የሚበላው ማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። በ1799 የእንግሊዝ ጦር ዋና ከተማውን ሰብሮ ሲገባ ቲፑ እየተዋጋ ወደቀ፤ ነብሩም ከቤተ መንግሥቱ ተወሰደ። ከ1808 ጀምሮ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የሚባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየው፤ ጎብኚዎችም እጀታውን እያሽከረከሩ ተዝናኑበት። የአንድ ንጉሥ ቁጣ የገዳዮቹ መጫወቻ ሆነ። ይህ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው፣ ህንድን ይገዛ ከነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት፣ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በ1657 ያሠራው የወይን ጠጅ ዋንጫ ነው። ጄድ ከሚባል ነጭ ድንጋይ ተሠርቶ ለሁለት የተከፈለ ቅል ይመስላል፤ ጫፉ እየጠበበ ሄዶ የፍየል ራስ ይሆናል፣ ታቹም የሎተስ አበባ ነው። ጄድ በመሮ አይፈለፈልም። በጠንካራ ድንጋይ ዱቄት እየታሸ ቀስ በቀስ ይቀረጻል። የንጉሡ ማዕረግና ዓመቱ ተጽፎበታል፤ የጠራቢው ስም ግን የለም። ዋንጫው በግል ሰብሳቢዎች እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1962 ሙዚየሙ ገባ።

ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ትክክል አይመስለኝም። ስለ አንድ ቅርስ ማን ሠራው ብለን የምንጠይቀውን ያህል እንዴት መጣ ብለንም መጠየቅ አለብን። እኛን ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ ያለው እዚያው ሙዚየም ነው። የመቅደላው ዘመቻ የተነሣው ከቦምቤይ ነበር፤ ህንዳውያን ወታደሮችና የህንድ ዝሆኖች አብረው መጥተዋል።

ለንደን ያላችሁ አድማጮቼ፣ መግቢያው በነፃ ስለሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ነብሩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ቲፑ ማን እንደነበር ንገሯቸው።