«አሃዳዊ» ሲሉህ ምን ማለታቸው ነው? ስለ ፖለቲካ ታፔላ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከባህር ዳር ነኝ፣ ከኋላዬ የምታዩት ጣና ነው፣ ነፋስ ስላለ ድምፁ ትንሽ ቢረብሽ ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ሰው ላይ ስለምንለጥፈው ታፔላ ነው። አሃዳዊ፣ ጎሰኛ፣ ፌዴራሊስት፣ ተገንጣይ፣ ኪራይ ሰብሳቢ፣ ባንዳ፣ አድሃሪ ምናምን። እነዚህ ቃላት ክርክር ውስጥ ሲገቡ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አይነግሩንም፣ የሚነግሩን ማን እንደጠላው ነው። ይሄ ደግሞ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ እዚህ አገር ሰው በልቷል።

ከግራና ቀኝ ልጀምር። በፈረንጆቹ 1789 ፈረንሳይ አብዮት ላይ ነበረች፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ንጉሡ የወጣን ሕግ የመሻር ሥልጣን ይኑረው አይኑረው የሚል ክርክር ተነሳ፣ ይኑረው የሚሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ ተቀመጡ፣ አይኑረው የሚሉት በስተግራ። የወንበር ጉዳይ ነበር በቃ። ከዛ ስሙ አገር ላገር ሲዞር በየሄደበት ሌላ ነገር እየሆነ ሄደ። ሊበራል የሚለውን እንኳን ብታዩ አሜሪካ ውስጥ ሊበራል ሲሉ መንግሥት ለድሃው የበለጠ ያድርግ የሚለው ወገን ነው፣ አውስትራሊያ ሄዳችሁ ሊበራል ፓርቲ ብትሉ ግን ዋናው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነው፣ እኛ ጋ በኢህአዴግ ጊዜ ደግሞ ፊቱ ላይ «ኒዮ» ተጨምሮበት ስድብ ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ፣ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

[ምስል፦ የ1960ዎቹ መጨረሻ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች]

ታኅሣሥ 1967 ላይ ደርግ ኅብረተሰብአዊነትን አወጀ፣ በየካቲት የገጠር መሬት ተወረሰ። ኢሕአፓ የሚባለው የግራ ፓርቲ ሶሻሊስት ነኝ ይላል፣ ተቀናቃኙ የግራ ድርጅት መኢሶን ሶሻሊስት ነኝ ይላል፣ ደርግም ያው። ሦስቱም ማርክስና ሌኒንን ይጠቅሳሉ፣ ሦስቱም ፊውዳሉ ይውደም ይላሉ። ታዲያ የተጣሉት በምንድነው? ትልቁ ጥያቄ ሥልጣን ነበር። ኢሕአፓ ሥልጣን አሁኑኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ይላል፣ መኢሶን ደግሞ «ሂሳዊ ድጋፍ»፣ ማለትም እየተቸን ድጋፍ፣ እየሰጠን ከወታደሩ ጋር ሆነን ሕዝቡን እናደራጅ ይላል። ይሄ እኮ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ምክንያት አለው፣ ቁጭ ብሎ ሊከራከሩበት የሚቻል ነገር ነበር።

ግን ምን ሆነ፣ ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» አለው፣ በቃ ከዛ በኋላ ጥያቄው ተረሳ፣ አናርኪስት መሆን አለመሆን ብቻ ቀረ። መኢሶን ደግሞ ነሐሴ 1969 ላይ ከደርግ ጋር ተቆራርጦ ሲሸሽ ወዲያው «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። አስቡት፣ ትናንት ደርግን ሶሻሊዝም ሲያስተምር የነበረ ድርጅት ነው ዛሬ ቀኝ የሆነው። የተለወጠው ስለ መሬት ወይ ስለ ሠራተኛ ያለው አቋም ሳይሆን ከደርግ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተጣሉ ልጆች አስከሬን ላይ ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር፣ ፀረ አብዮት ነው የሚል። ታፔላው የምር ወረቀት ነበር ማለት ነው፣ እናት መጥታ የምታነበው።

ለዚህ ነው ይሄን ርዕስ አቅልዬ የማላየው።

ኪራይ ሰብሳቢን በአጭሩ ልበልና ልለፍ። ቃሉ ከኢኮኖሚክስ ነው የመጣው፣ ስያሜውን የሰጠችው አን ክሩገር የምትባል አሜሪካዊት ናት በፈረንጆቹ 1974፣ ነጋዴው ሀብቱን ምርት ላይ ከማዋል ይልቅ የኢምፖርት ፈቃድ ለማግኘት ሲሻማ የሚባክነውን ነገር ለማስረዳት ብላ። ጥሩ ቃል ነው፣ የሚለካ ነገር አለው። እኛ ጋ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ ጉቦ የበላውም ኪራይ ሰብሳቢ፣ አለቃውን የተቸውም ኪራይ ሰብሳቢ ሆነና ሌባውን ከተቺው መለየት አቃተን።

አሁን ዋናው፣ አሃዳዊና ፌዴራሊስት። በቁሙ አሃዳዊ ማለት ሥልጣኑ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ይሁን የሚል ነው፣ ፌዴራሊስት ደግሞ ሥልጣኑ ለማዕከሉና ለክልሎች ይከፈል የሚል። ይሄ የኛ ዘመን ነው።

በቀደም ማንጎ ፓርክ ቡና ይዘን ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ነበር፣ አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ፣ አንዱ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ። ልጁ ሞቅ ብሎት «ጋሼ እርስዎ እኮ አሃዳዊ ነዎት» አላቸው። እሳቸውም አልተኙለትም፣ «አንተ ደግሞ የጎሳ ፖለቲካ የጋተህ ልጅ ነህ» አሉት። እኔ መሀል ገብቼ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ አልኩ። በመራዊ በዳንግላ አድርጋችሁ እንጅባራ ብትሄዱ የአዊ ልጅ አንደኛ ደረጃን በአዊኛ ይማራል፣ ይሄ ይቅር ወይ? ጋሼ ተቆጡ፣ «ምን ሲደረግ! ልጅ በእናቱ ቋንቋ ይማር እንጂ» አሉ። ልጁም እንደዛው። እሺ፣ የክልሉን ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ ይሹምልን ወይስ እዚሁ ይመረጥ? ሁለቱም እዚሁ አሉ። ቆይ ታዲያ አሃዳዊው የቱ ነው?

ልዩነቱ የመጣው መሬት ላይ ስንደርስ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ጋሼ ይሄ ይቆይ ባይ ናቸው፣ ገበሬው አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣበት ሸጦ ከተማ ለማኝ ይሆናል ብለው። ልጁ ደግሞ ይሸጥ ነው የሚለው፣ አባቱ በመሬቱ ባንክ መበደር አለመቻሉ ያንገበግበዋል። አንቀጽ 39 ላይም ተለያዩ፣ ጋሼ የመገንጠሉ ነገር ይውጣ ሲሉ ልጁ ይቆይ አለ፣ በሩ ክፍት መሆኑ ራሱ አብሮ ለመኖር ዋስትና ነው ብሎ። ያን ሁሉ ሰዓት የተሰዳደቡት ግን ስለመሬትም ስለ አንቀጽ 39ም አልነበረም።

ሌላ የሚቀላቀል ነገር አለ። ክልል በቋንቋ አይከለል ያለ ሁሉ አሃዳዊ ይባላል። ናይጄሪያ 36 ስቴት ያላት ፌዴሬሽን ናት፣ ትልልቆቹን ብሔሮች ሆን ብላ በብዙ ስቴት ከፋፍላቸዋለች፣ ማንም ግን ፌዴራል አይደለሽም አይላትም። ሕንድ ደግሞ በፈረንጆቹ 1956 ስቴቶቿን በቋንቋ አዋቀረች፣ እሷም ፌዴራል ናት። ኬንያ ፌዴሬሽን አይደለችም፣ ግን ከፈረንጆቹ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ወዲህ 47 ካውንቲ አላት፣ ሁሉም ገዥውን ራሱ ይመርጣል፣ በጀትም ይደርሰዋል። ስለዚ የናይጄሪያውን ዓይነት የሚፈልግ ሰው አሃዳዊ አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ፌዴራሊስት ነው። በሌላ በኩል የኛን የ1987ቱን ሕገ መንግሥት የሚደግፍ የሐዋሳ ወይ የወላይታ ልጅ ቋንቋዬ ቢሮ ይግባልኝ ስላለ ዘረኛ ማለትም ነውር ነው፣ እንጅባራ ላይ የፈቀድነውን እኮ ነው የጠየቀው። እዚህ ላይ የኛ ሰዎችም እንታረም።

ታፔላ ጭራሽ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሰው ራሱን የሚጠራበት ስም ያስፈልገዋል፣ ፓርቲ ያለ ስም ምርጫ አይገባም። እኔ የምፈራው ሌላው የሰጠህን ስም ነው፣ በተለይ የሰጠህ ሰው ጠመንጃ ወይ ሥልጣን ሲኖረው። ባንዳ እኮ መጀመሪያ ለጣሊያን ጦር ያደሩ የአገሬው ታጣቂዎች ክፍል ስም ነበር፣ ማን እንደሆነ የሚታወቅ ነገር፣ አሁን በምርጫ ያልተስማማንበት ጎረቤት ሁሉ ሆኗል። ዛሬ እዚህ ክልል ውስጥ ሰው እየሞተባቸው ያሉትን ስሞች በዚህ ቪዲዮ ያልነካሁት አውቄ ነው፣ በአሥር ደቂቃ የሚያልቁ አይደሉም።

ኮሜንት ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ አንቀጽ 39 ይቆይ ወይስ ይውጣ፣ ምክንያታችሁን ጻፉ፣ አሃዳዊ ወይ ጎሰኛ የሚል ቃል ያለበትን አላነብም። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ መሬት ነው፣ ጋሼም ልጁም እንመጣለን ብለዋል።