ሳይክሉ በየት በኩል ይለፍ?

[ምስል፦ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ማለዳ። የዛፎቹ ጥላ አስፋልቱ ላይ ወድቋል። አንዲት ተማሪ ሳይክል እየነዳች ታልፋለች።]

ሐረር ዳገት ነው፤ በሳይክል መውጣት ጉልበት ይፈትናል። ድሬ ግን ሜዳ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የምድር ባቡር ሰዎች ከዚራን ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ቀየሷት። ለሳይክል ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

መናፈሻና ጥላ ያለው መንገድ ሲነሳ ግን ሁለት ሐሳብ ይጋጫል። አንዱ «ሳይክሉ በድንጋይ ይከለል» ይላል። ሌላው «ሰው አረፍ በሚልበት ቦታ ኮንክሪት አታብዙብን» ይላል።

[ምስል፦ ነጭ መስመር። ባጃጅ መጥቶ ይቆምበታል።]

ቀለም ብቻ አይከልልም። ተሳፋሪ እጁን ሲያነሳ ባጃጁ ዳር ይይዛል፤ ልጅቷ ልታልፈው ስትል መኪኖቹ መሀል ትገባለች። አደጋው ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ስለዚህ መኪና በሚሄድበት መንገድ እኔ ከፍ ያለ መከለያ እደግፋለሁ።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ጎልደን ጌት ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መኪና የሚቆምበትን ረድፍ ከዳር አራቁትና ሳይክሉን በቆሙት መኪኖችና በመንገዱ ጠርዝ መካከል አሳለፉት። የቆመው መኪና ከለላ ሆነ። ቅሬታውም ከዚያው መጣ፦ ከመኪና የሚወርድ ሰው እግሩን የሚያሳርፈው ሳይክሉ የሚያልፍበት ላይ ነበር። በ2020 መንገዱ ለመኪና ተዘጋ፤ በ2022 መራጩ እንደተዘጋ እንዲቆይ ወሰነ።

መናፈሻው ውስጥ መኪና ከሌለ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚፈራው ሳይክሉ ነው። ሰው በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ገደማ ይራመዳል፣ ሳይክል ያለ ችግር 15 ይሄዳል። ኳስ የሚያባርር ሕፃን ዞር ብሎ አያይም። ሳይክሉ ዳር ዳሩን ይዙር፣ መሀሉ ለእግረኛ ይተው።

[ምስል፦ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ።]

ድሬ ላይ ደግሞ ጎርፍ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። መከለያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ከተሠራ ውሃ ይገድባል፤ በየጥቂት ሜትሩ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። መሠረቱም በጥልቀት አይቆፈር። የዛፍ ሥር ተቆርጦ ጥላው ከሄደ፣ በድሬ ቀትር ሳይክል ላይ የሚወጣ አይኖርም።

ንድፍ ሲቀርብላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ባጃጁ ተሳፋሪ የሚያወርደው የት ነው? ውሃውስ በየት ያልፋል?